ልጆቼ፣ ካርቦን አትላኩልኝ

ምስጋናው ይቅደም። ባለፈው ሳምንት የተሰበረ ሳይክሌን ፎቶ እዚህ የለጠፍኩት ለመሰነባበት ያህል እንጂ መዋጮ ለመጥራት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አንዷ የድሮ ተማሪዬ ደወለችና «ቲቸር፣ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተናል፤ እርስዎ ግን እንዳይገቡ» አለችኝ። እኔ የሌለሁበት፣ ስለ እኔ የሚመክር ሸንጎ መሆኑ ነው! ከዚያ ፎቶው ይጎርፍልኝ ጀመር። ከአሜሪካ አንዱ ካርቦን ላከልኝ፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ልትዘል እንደተዘጋጀች ፌንጣ። ከአዲስ አበባ ሌላው «አሎይ ነው ቲቸር፣ በሁለት ጣት ይነሳል» አለኝ። ከባሕር ዳርም ፊትና ኋላ ሞላ ያለው «ማውንቴን» መጣ።

እግዜር ይስጥልኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ማታ ማታ ፎቶዎቹን ለባለቤቴ እያሳየሁ ነበር የማመሸው። ነገር ግን ብሩ ሳይወጣ ይቺን ጽሑፍ አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ አጭር መልስ ጠይቄ እንጂ አጭር መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ክርክሬ የሚነሳው ሳይክሉ ከተሰበረበት ነገር ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልናገር። ጥቁር፣ ባለ 28፣ ማርሽ የሌለው፣ የብረት ሳይክል ነው። 22 ዓመት ነዳሁት። ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ቡሬ፣ ከአስፋልቱ ወጥቼም በእርሻው መሐል እናቴ ቤት ድረስ። (ማንኩሳ ያልኳችሁ ያቺው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ማንኩሳ ናት፤ ከዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ ሲያልፍ እንዲያስታውሳት ደስ ይለኛል።) ያን ቀን ከእናቴ ቤት ነበር የምመለሰው፤ ከኋላ ግማሽ ኩንታል በቆሎ ጭኛለሁ። መንገዱ ወደ አስፋልቱ ሊደርስ ሲል አንዲት ትንሽ ቦይ አለች። በሷ ስወርድ ፊት ለፊቴ ያለው መሪ ቀስ እያለ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ወደቅሁ እንዳትሉ፤ እግሬን መሬት አስነክቼ ቆምኩ። በቆሎው ብቻ ነው የተጋደመው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመን። ሳይክሉ ነግሮኝ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳገት ላይ ስጫነው «ጢቅ፣ ጢቅ» ይል ነበር። ከመሪው አንገት ሥር፣ ቱቦው በሚጋጠምበት ቦታ ላይም ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር አውጥቶ አይቻለሁ። «ከፈተና እርማት በኋላ» አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ብረት እንዲህ ነው፤ ሲደክመው ይነግርሃል፣ ሲሰነጠቅ ይጮሃል፣ ሲሰበርም አብዛኛውን ጊዜ ይታጠፋል እንጂ እንደ ብርጭቆ አይበተንም። ማዳመጥ ያለብህ አንተ ነህ።

ገፍቼ በያጁ ጋ ወሰድኩት። ይህ ሰው ያንኑ ሳይክል ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ በይዶልኛል፤ አንዴ የኋላ ዕቃ መጫኛውን፣ ሁለቴ ራሱን ፍሬሙን። አሁን ግን በመዶሻ ጫፍ ኳ ኳ አድርጎ አዳመጠና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወረቀት ሆኗል። እሳት ሳስነካው ይሸሸኛል» አለኝ። ከውስጥ ዝጎ አልቋል። ይህም የኔ ጥፋት ነው፤ ክረምት በኮርቻው ዘንግ በኩል ውኃ ወደ ቱቦው ይገባል። በዓመት አንዴ ዘንጉን ነቅሎ ማድረቅና ውስጡን ዘይት ማጠጣት ነበር። 22 ዓመት ሙሉ ላዩን በጨርቅ እየወለወልኩ ውስጡን ለዝገት ተውኩት። ስለዚህ ይህ ሳይክል እውነትም አልቆለታል፤ ምትክ ያስፈልገኛል። ጥያቄው ከምን የተሠራ ምትክ የሚለው ነው።

አሉሚኒየም እንውሰድ። እናንተ አሎይ የምትሉት ማለት ነው። ጥሩ ነገሩን ላስቀድም፦ ቀላል ነው፣ እንደ ብረት አይዝግም። እንደኛ ባለ ክረምቱ በሚጠነክር አገር አለመዝገጉ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኔ ሳይክል አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ከውስጥ ተበልቶ ባላለቀ። ይህን አምናለሁ። ግን የክፍሉን ሙከራ አስታውሱ። ሁለት ሽቦ እየሰጠኋችሁ «እያጠፋችሁ ቁጠሩ» የምላችሁን። አሉሚኒየሙ ቶሎ ሲቆረጥ ከኋላ ወንበር ያጨበጨባችሁትን እነማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብረት ላይ የሚያርፈው ጫና ከተወሰነ ልክ በታች እስከሆነ ድረስ ሚሊዮን ጊዜ ብታወዛውዘውም አይሰለችም። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ልክ የለውም። ትንሿንም ንቅናቄ እየቆጠረ ይመዘግባል። ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ቱቦውን አወፍረው፣ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ትርፍ ሰጥተው ይሠሩታል። ቱቦው የሚወፍርበት ሌላም ምክንያት አለ፦ አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ነው፤ ግትርነቱም እንዲሁ ሲሶ ነው። በቀጭን ቱቦ ቢሠራ እንደ ቄጤማ ይወዛወዝ ነበር።

ስለዚህ «አሉሚኒየም አይችልም» አልልም። አንድ ጊዜ መምህራን ክፍል ውስጥ እንዲህ ብዬ ተከራክሬ ተሸንፌያለሁ። ባሕር ዳር የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ በአሎይ ሳይክል ዘጠኝ ዓመት ነድቶ አንድም ነገር አልሆነበትም። ባሕር ዳር ግን ባሕር ዳር ናት። ሜዳ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ሰው ሳይክል ያውቃል። የኔ ጉዳይ ከተሰበረ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ሌላ ባልደረባዬ የደረሰበትን ልንገራችሁ። እዚሁ ከተማ፣ እሱም አሎይ ነበረው። የኋላ ማርሹ የሚታሰርበት ጆሮ ላይ ተሰነጠቀበት። የኔው በያጅ ጋ ይዘነው ሄድን። ሰውየው አይቶ «ይሄ አይሆንም፣ የኔ ማሽን ለዚህ አይደለም» አለ። ባልደረባዬ ግን ለመነው፤ መቼም ልመና እምቢ የሚል ሰው የለም። ኤሌክትሮዱን ሲያስነካው መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ድንገት እንደ ቅቤ ወርዶ የአውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ። በያጁ አፈረ። ማፈር አልነበረበትም፤ ፊዚክሱ ነው የከዳው። ብረት የሚቀልጠው ወደ 1,500 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አስቀድሞ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካን ይሆናል፣ ለዓይን ይናገራል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቀለሙን ሳይቀይር። በላዩ ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ደግሞ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ማለት ላዩ አልነካ ሲል ውስጡ ውኃ ሆኗል። እሱን በደንብ ለመበየድ አርጎን ጋዝ የሚነፋ ሌላ ማሽን ይፈልጋል። ከተበየደም በኋላ ሙቀቱ የነካው ቦታ የነበረውን ጥንካሬ ያጣል፤ ለብዙዎቹ የአሎይ ዓይነቶች እንደገና ምድጃ ገብቶ መታከም ሊያስፈልግ ነው። ባልደረባዬ ያን ፍሬም አሁን የዶሮ ቤቱ በር መደገፊያ አድርጎታል።

የኔ ነጥብ ይኸው ነው እንግዲህ። ሳይክል ስትመርጡ «የቱ ጠንካራ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ሁሉም ይሰበራል። «የት ነው የሚሰበረው፣ እዚያ ቦታ ማን አለ» በሉ። የኔ ሳይክል የሚሰበረው በማንኩሳና በቡሬ መካከል ነው፤ እዚያ ያለው መብራት ሲኖር የሚሠራ፣ የበር ብረት የሚበይድ፣ ማረሻ የሚያስተካክል፣ ጋሪ የሚጠግን ሰው ነው። ይህ ሰው የሚያውቀው ብረት ነው። እጁ ያውቀዋል፣ ዓይኑ ያውቀዋል። የኔ ሳይክል ዋስትና ወረቀት የለውም፤ ዋስትናዬ እሱ ነው።

ካርቦንን ባጭሩ ላልፈው እችል ነበር፣ ግን ልጄ ከአሜሪካ ድረስ አስቦ ስለላከው በአክብሮት ልመልስለት። ካርቦን ድንቅ ነገር ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በቴሌቪዥን አይቼ እንባዬ መጥቷል፤ የነዳውም ካርቦን ነው፤ ያለዚያ እዚያ መገኘት የለም። ግን ከኋላው መኪና ይከተላል፣ መኪናው ላይ መለዋወጫ ሳይክል ተደርድሯል፣ ውስጡ መካኒክ ተቀምጧል። ከኔ ኋላ የሚከተለኝ ውሻ ብቻ ነው።

ካርቦን ጨርቅ ነው፤ በሙጫ የደረቀ ጨርቅ። በተሠራበት አቅጣጫ ስትጭነው ብረትን ያስንቃል። ከጎን በድንጋይ ስትመታው ወይም በአንድ ነጥብ ላይ ስትጨምቀው ግን ውስጡ ሊላጥ ይችላል፤ ላዩ ደህና መስሎ። አሁን አስቡት። ክረምት ሲሆን፣ ወይም ሲመሽብኝ፣ ሳይክሌን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ነው የምጭነው። ረዳቱ ከሥሩ ጆንያ፣ ከላዩ ጆንያ አድርጎ፣ ጉልበቱን ፍሬሙ ላይ ተክሎ በገመድ ጥርቅም ያደርገዋል። ይህ ልጅ ለብረትም አይራራም። ካርቦኑ ቡሬ ሲወርድ ተሰንጥቆ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? ብረት ቢታጠፍ አየዋለሁ። ካርቦን «ጢቅ» ብሎ ይነግረኝ እንደሆነ እንጃ። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ልፈትነው አልፈልግም።

«ክብደቱስ ቲቸር?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እሺ፣ እንደምር። እኔ 68 ኪሎ ነኝ። ጭነቴ በአማካይ 20 ኪሎ። የብረት ሳይክል ከነመጫኛው 18 ኪሎ ቢሆን፣ ጠቅላላ 106። አሉሚኒየሙ 13 ኪሎ ቢሆን፣ ጠቅላላ 101። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ናት፣ ቡሬ ወደ 2,100 ግድም። ይህን ከፍታ ስወጣ የማተርፈው ጉልበት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ሜዳው ላይማ ከክብደት ይልቅ ነፋሱና ጎማው ናቸው የሚበሉህ። በደንብ ያልተነፋ ጎማ ከአምስት ኪሎ ብረት የበለጠ ያደክማል። ማታ ማታ ጎማችሁን ንፉ፤ ነፃ ነው።

ዳገቱን በእውነት የሚያቀልልኝ ማርሽ ነው። እሱም ባይኖር የኋላዋን ጥርስ መቀየር። የድሮው ሳይክሌ ከኋላ 18 ጥርስ ነበረው። በ22 ቢቀየር እያንዳንዱ ፔዳል ከመቶ 18 ያህል ይቀልላል፤ ፍጥነት በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ግን ማን ሊቀድመኝ ነው? ይህን በጥቂት ብር መሥራት ስችል 22 ዓመት ዳገቱን ገፍቼ መውጣቴን አሁን ሳስበው… ይቅር።

አንዱ ልጄ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ «ቲቸር የብረት ዘመን ሰው ናቸው» ብሎ ጽፏል አሉ። (ሰላይ አለኝ።) ልክ ነው፤ ነኝ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ነበሯት፤ እነ ገረመው ደንቦባ። የጋለቡት ብረት ነው። ዓለምም በብረት ነበር የሚወዳደረው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቱር ደ ፍራንስ በብረት ሳይክል ይሸነፍ ነበር። ብረት የተተወው ስለማይችል አይደለም፤ ለሚወዳደር ሰው ግማሽ ኪሎም ሜዳሊያ ስለሆነ ነው። እኔ የምወዳደረው ከፈተና ሰዓት ጋር ነው።

ግን «ብረት ነው» ስለተባለ ብቻ ሁሉንም እንዳታመጡልኝ። ሁለት ዓይነት ብረት አልፈልግም።

አንደኛው ባለ ሁለት ሞላው «ማውንቴን» ነው። ከባሕር ዳር የተላከልኝ። ልጄ አትቀየመኝ፤ ለዓይን ያምራል። ግን በርካሽ የተሠራ ሞላ ጉልበትህን ይበላል፤ ዳገት ላይ ፔዳል ስትረግጥ ግማሹ ወደ ታች ወደ ላይ በማለት ያልቃል። መካከሉ ላይ ያለችው መታጠፊያ በጭቃ ትሞላለች፣ በአንድ ክረምት መላወስ ትጀምራለች፣ መለዋወጫዋን የሚያውቅ ሰው የለም። ሞላው ባለበት ቦታ ደግሞ የዕቃ መጫኛ በደንብ አይታሰርም። ጭነት የማይጭን ሳይክል ለኔ ጌጥ ነው።

ሁለተኛው ይገርማችሁ ይሆናል፦ በጣም ውዱ ብረት። ክሮሞሊ የሚሉት። እጅግ ጥሩ ብረት ነው፤ ከጥንካሬው የተነሳ ቱቦውን መካከሉ ላይ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ያሳሱታል። በያጁ ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ ሲያስነካው እንደ አሉሚኒየሙ ሊበሳው ነው። እሱን የሚያውቅ፣ በጋዝ እሳትና በናስ የሚያጋጥም ሰው ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ለኛ መንገድ መካከለኛው፣ ወፈር ያለው፣ ማንም የማያደንቀው ብረት ነው የሚሆነው። ኑሮዬንም የሚመስለው እሱ ነው።

ቀርከሃስ ያላችሁኝ አሉ። ቀልድ መስሏችሁ ከሆነ ቀልድ አይደለም። ጋና ውስጥ ከቀርከሃ ፍሬም እየሠሩ ውጭ አገር ድረስ ይሸጣሉ። እኛ ደግሞ ከቡሬ አልፈን እንጅባራ ስንደርስ በየአጥሩ የቆመው ምንድን ነው? ቀርከሃ ንዝረትን ይውጣል፤ በዚያ ኮረኮንች ላይ እጅ እንደማያደነዝዝ እገምታለሁ። ችግሩ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው፤ በደንብ ያልደረቀ ቀርከሃ ይሰነጠቃል፣ በሙጫ የተጠቀለለውም ጭረት በጥንቃቄ ካልተሠራ ክረምቱን አይችልም። ባሕር ዳር ኢንጂነሪንግ ያጠናችሁ ልጆቼ አንድ ሠርታችሁ አምጡና በነፃ እፈትንላችኋለሁ። እስከ 30 ኪሎ ጭነት። ከዚያ በላይ በራሳችሁ ኃላፊነት።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ፤ ይህን ለመጻፍ ነው ከመጀመሪያውም የተቀመጥኩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብራችን በገበያ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ የት እንደደረሰ እኔ አልነግራችሁም። ያ የካርቦን ሳይክል እናንተ የምትከፍሉበት ዋጋ በኛ ሲመነዘር ከዓመት ደመወዜ ይበልጣል። እዚህ ተሰልፎ ቆሞ ሰው «ስንት ነው?» ሲለኝ ምን ልመልስ ነው? ደግሞስ የት ላቁመው? የብረቱን ጥቁር ሳይክል ቡሬ ገበያ ዳር ከአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ጋ አስደግፌ ትቼው ሄጄ ማታ አገኘዋለሁ። ካርቦኑን ሽንት ቤትም ይዤው ልገባ ነው።

ከዚያም ሌላ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ባጃጅ ሲቆም፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ክፍል ውስጥ የማያቸው ልጆች ቁጥር ይቀንስ ነበር። የሚቀሩት ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ናቸው። አንዷ ልጅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል በእግሯ ትመጣለች፤ ማታም እንዲሁ። አንድ ቀን ጎበዝ መሆኗን አይቼ «ማታ ስንት ሰዓት ታጠኛለሽ?» ብላት «ቲቸር፣ እግሬን ታጥቤ ስቀመጥ እኮ እንቅልፍ ይወስደኛል» አለችኝ። ያ መንገድ በሳይክል አርባ ደቂቃ አይሞላም። በካርቦኑ ብር ስንት የብረት ሳይክል እንደሚገዛ እናንተው ደምሩት፤ ሒሳብ አስተማሪያችሁ ሌላ ሰው ነበር፣ እሱንም አታሳፍሩት።

ስለ ሴት ልጆች ሳይክል ካነሳሁ የፍሬሙን ቅርጽም ልበል። «የሴት» የሚባለው፣ ላይኛው ቱቦ ወደ ታች ዝቅ ያለው ሳይክል፣ ቀሚስ ለለበሰችም ጭነት ለጫነም ሰው ይመቻል። እኔ ራሴ ከኋላ ጆንያ ሲኖር እግሬን አሽከርክሬ ለመውጣት እየተቸገርኩ ነው፤ ምናልባት ለኔም የሚሆነው እሱ ነው፤ ሰው ይሳቅ። ነገር ግን ፊዚክሱ ዋጋ ያስከፍላል። ሦስት ማዕዘን ሳይታጠፍ የሚቆም ቅርጽ ነው፤ ላይኛውን ቱቦ ስታወርደው ሦስት ማዕዘኑ ይከፈታል፣ ጫናው በሙሉ የመሪው አንገትና የኮርቻው ቱቦ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ስትመርጡ ቱቦው ወፍራም፣ ወይም ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን የሚወርድ ይሁን። በብረት ሲሆን ይህ ቅርጽ ያስተማምናል። በርካሽ አሉሚኒየም ከሆነ እኔ ለተማሪዬ አልገዛላትም።

ሰፈሩ «ሴት ልጅ በሳይክል?» ይላል ብላችሁ የምትሰጉ አላችሁ። ይላል። ባሕር ዳር እናቶቻችሁ ሳይቀሩ ነድተዋል፤ ሰማይ አልወደቀም። እዚህም ይለምዱታል። እናቴ ራሷ «ልጂቷ ከምትደክም ትንዳ፤ ሰው ምን ቸገረው» ብላለች፤ እሷ ካለች በኛ ቀበሌ ነገሩ ያለቀ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ፦ ለኔ አንድ ያገለገለ፣ ቀላል፣ የብረት ሳይክል ይበቃኛል። ጎማው ባለ 28 ወይም ባለ 26፤ ሁለቱም እዚህ ጎሚስታው ጋ አይጠፉም። ፓራፋንጎ ከጎማው ራቅ ብሎ የታሰረ፤ የኛ ቀይ ጭቃ ከጎማና ከፓራፋንጎ መሐል ገብቶ ሲደርቅ ሳይክሉ ሰውየውን ይጋልበዋል። የቀረውን ብር ለነዚያ ልጆች እናድርገው። ዝርዝሩን ከርዕሰ መምህሩና ከወላጆች ጋር ጀምሬያለሁ፤ አልቆ ሳይሆን ስም አልጽፍም።

አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ያገለገለ ሳይክል ለማየት የምትሄዱልኝ ልጆች፣ ኪሳችሁ ውስጥ ሁለት ነገር ይኑር፦ ማግኔትና ሲባጎ። ማግኔቱን ከተሰበረ ስፒከር አውጡት። ሻጩ «ብረት ነው» ሲል ፍሬሙ ላይ ለጥፉት፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ «አሎይ ነው» ብሎ አስወድዶ የሚሸጠው ላይ ከያዘ ደግሞ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፣ እሱን ለኔ ያዙልኝ፣ ዋጋውን ግን ቀንሱት። ሲባጎውን ከኋላው ጎማ ማሰሪያ ከአንዱ ጎን አስነስታችሁ በመሪው አንገት ዙሩና በሌላው ጎን መልሳችሁ እሰሩት፣ ወጠር አድርጉት። ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። እኩል ካልሆነ ፍሬሙ ተጣሟል፤ የተጋጨ ነው። ከዚያ የኮርቻውን ዘንግ አስነቅሉና የስልካችሁን መብራት ወደ ውስጥ አብሩ። ቡናማ ዱቄት ካያችሁ ችግር የለውም፤ ቅርፊት ካያችሁ ግን ተዉት። መጋጠሚያዎቹ ላይ ቀለሙ ያበጠ ወይም አዲስ የተቀባ ቦታ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ፔዳሉን ልትፈቱ ከሞከራችሁ ደግሞ የግራው ጥርስ ወደ ተቃራኒው እንደሆነ አትርሱ፤ በየዓመቱ አንዱ ይረሳና ያበላሸዋል።

እኔ ራሴ የፊታችን ቅዳሜ መንገዱ ሰላም ከሆነ ባሕር ዳር እወርዳለሁ። ማግኔቴን ይዣለሁ። እዚያ ያላችሁ፣ ሳይክል ተራውን የምታውቁ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ጠብቁኝ። ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ፤ ሲባጎውን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ግን ያስፈልገኛል።